የኮሌጅ ዋጋ የሚታወቀው ካመለከቱ በኋላ ነው

ትልቋ ልጄ በ2025 ኦገስት መጨረሻ ኮሌጅ ገባች። የምንኖረው በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እኔ ታክሲ እነዳለሁ፤ ባለቤቴ በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የነርስ ረዳት ናት። ልጃችን የገባችበት ኮሌጅ በዓመት የሚጠይቀውን ገንዘብ በወጣው ዋጋ ክፈሉ ብንባል የቤት ኪራያችንን ከፍለን የሚተርፈን ሁሉ ለግማሹ እንኳን አይደርስም ነበር። ዛሬ የምንከፍለው ከዚያ ጥቂቱን ነው። ልዩነቱን ያመጣው ዘመድ ወይም አጋጣሚ አይደለም፤ በኖቬምበር ጀምረን እስከ ኤፕሪል የገፋንበት የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ነው።

ይህን የምጽፈው የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ላሏቸው ወላጆች፣ በተለይም ፋፍሳ የተባለውን የፌዴራል የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ቅጽ ሳይከፍቱት ለሚተዉት ነው። በዙሪያዬ ብዙ አሉ። «ገቢያችን ይበዛል፣ አይሰጡንም» የሚሉ አሉ። ዋጋውን አይተው ልጃቸው ለዚያ ኮሌጅ እንዳታመለክት የሚከለክሉ አሉ። መጠየቁ ራሱ የሚያሳፍራቸውም አሉ። እንዲህ እያልን የምንተወው ገንዘብ በኋላ ልጆቻችን ለዓመታት የሚከፍሉት ዕዳ ሆኖ ስለሚመለስ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ሥርዓቱን አለማወቃችን የሚያስገርም አይደለም። እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ፈተናውን ያለፈ ይመደባል፤ የተመደበበት ሄዶ አልጋውንና ምግቡን ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጪ መጋራት ደንብ ከወጣ በኋላም ቢሆን ተመራቂው ድርሻውን የሚከፍለው ሥራ ይዞ ከደመወዙ እየተቆረጠ ነው። ወላጅ ቁጭ ብሎ የዩኒቨርሲቲዎችን ዋጋ የሚያወዳድርበት ምክንያት አልነበረም። አሜሪካ ውስጥ ግን ኮሌጁ መጀመሪያ አንድ ዋጋ ያወጣል፤ ቀጥሎ ቤተሰቡ ምን ያህል መክፈል እንደሚችል በሰነድ ይጠይቃል፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ተማሪ የተለየ ሒሳብ ይሠራል። በአንድ ክፍል ጎን ለጎን የሚቀመጡ ሁለት ልጆች የሚከፍሉት በብዙ ሺህ ዶላር ሊለያይ ይችላል። ሰነዱን ያላስገባ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ የወጣውን ዋጋ ይከፍላል።

በቁጥር ልናገር። በ2024-25 የትምህርት ዘመን የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ ለግዛቱ ነዋሪ ትምህርቱና ልዩ ልዩ ክፍያው 12 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር፤ ከሌላ ግዛት ለሚመጣ ተማሪ ከ40 ሺህ ይበልጥ ነበር። ማደሪያ፣ ምግብ፣ መጻሕፍትና መጓጓዣ ሲታከሉበት የነዋሪው የዓመት ወጪ ወደ 30 ሺህ ይጠጋል። ስማቸው የገነነ የግል ኮሌጆች ደግሞ ሁሉም ተደምሮ በዓመት ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ይጠይቃሉ። ይህን ያየ ወላጅ የግሎቹን ወዲያውኑ ይሰርዛል። ነገር ግን ሃርቫርድ በ2025 ማርች ባወጣው መግለጫ ገቢያቸው እስከ 200 ሺህ ዶላር የሆነና የተለመደ ያህል ሀብት ያላቸው ቤተሰቦች የትምህርት ክፍያ እንደማይጠየቁ፣ እስከ 100 ሺህ ለሆኑት ደግሞ ማደሪያውንና ምግቡንም እንደሚሸፍን አስታውቋል። ኤምአይቲም ከዚያው ዓመት ጀምሮ እስከ 200 ሺህ ዶላር ገቢ ላላቸው የትምህርት ክፍያውን አንስቷል። እነዚህ የሚቀበሉት እጅግ ጥቂት ተማሪ እንደሆነ አውቃለሁ። የጠቀስኳቸው ወረቀት ላይ ውድ የሚመስለው ኮሌጅ ለአንድ የታክሲ ሹፌር ቤተሰብ ከግዛቱ ዩኒቨርሲቲ ሊረክስ እንደሚችል ስለሚያሳዩ ነው። እኛ በደረሱን ደብዳቤዎችም የታየው ይኸው ነው፤ በዋጋ ዝርዝሩ ከሁሉም በላይ የነበረው ኮሌጅ ለእኛ ከሁሉም ርካሹ ሆኖ አልተገኘም፣ ከሁሉም ውዱም አልነበረም።

ልጃችሁ ገና ሳታመለክት ግምቱን ማየት ትችላላችሁ። ከ2011 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ መሠረት የፌዴራል የተማሪ ድጋፍ የሚያስተናግድ ኮሌጅ ሁሉ የተጣራ ዋጋ ማስሊያ በድረ ገጹ ላይ ማስቀመጥ አለበት። የቤተሰቡን ገቢና የቤተሰቡን ብዛት ታስገባላችሁ፤ እናንተን የመሰለ ቤተሰብ በግምት ስንት እንደሚከፍል ይነግራችኋል። ግምት ነው፤ ቃል ኪዳን አይደለም። ቢሆንም እኛ ልጃችን የት ታመልክት የሚለውን የወሰንነው በዚያ እንጂ ብሮሹር ላይ በታተመው ዋጋ አልነበረም።

ስለ ሐፍረቱ ጥቂት ልበል። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ ስናወራ አንድ የማከብራቸው አባት «እኔ ልጄን በላቤ ነው የማስተምረው፤ የማንንም ደጅ አልጠናም» አሉኝ። «ጋሼ፣ ታክስ ይከፍላሉ አይደለም?» አልኳቸው። ይህ አገር ከገቡ ጀምሮ ሳያቋርጡ እንደሚከፍሉ ነገሩኝ። ፔል ግራንት የተባለው የማይመለስ ድጋፍ የሚወጣው እርሳቸውም ካዋጡበት የፌዴራል በጀት ነው። የመጠየቅ መብቱ አስቀድሞ የተከፈለበት ነው። ደግሞም ጉዳዩ የእርሳቸው ክብር ብቻ አይደለም። ወላጅ በኩራት ያልጠየቀው ገንዘብ በልጁ ስም ብድር ሆኖ ይመጣል፤ የሃያ ሁለት ዓመቷ ተመራቂ ናት የምትሸከመው።

ገቢያችን ይበዛል ለሚሉትም መልስ አለኝ። እንደ እኔ በመንዳት የሚተዳደሩ ሰዎች 1099 በተባለው የገቢ ማሳወቂያ ቅጽ ላይ የሚያዩት ጠቅላላ ገንዘብ ያስፈራቸዋል። ፋፍሳ የሚመለከተው ግን ነዳጅ፣ የመኪና ኢንሹራንስና ጥገና ከተቀነሰ በኋላ ታክስ ላይ የተመዘገበውን ገቢ ነው። ፔል ግራንት የማያገኝ ቤተሰብ እንኳን ቢሆን ኮሌጁ ከራሱ ካዝና የሚሰጠውን ድጋፍ፣ የግዛቱን ድጋፍ፣ እንዲሁም የፌዴራሉን የተማሪ ብድር የሚያገኘው በአብዛኛው በዚሁ ቅጽ በኩል ነው። ቅጹን መሙላት አንድ ሳንቲም አያስከፍልም።

ፋፍሳ ስቱደንት ኤይድ ዶት ጎቭ በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይሞላል። «እኛ እንሞላላችኋለን» ብለው ገንዘብ የሚጠይቁ ሰዎች አሉ። ለእነርሱ የምትከፍሉት በነጻ ላለ ነገር ነው፤ የሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥራችሁንም አብራችሁ እየሰጣችኋቸው ነው። ዜጋ የሆነ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ በዲቪ የመጣም ቢሆን፣ ጥገኝነት የተፈቀደለት ወይም በስደተኝነት የገባ ተማሪ እኛ ባመለከትንበት ጊዜ ማመልከት ይችል ነበር። የሚታየው የተማሪው ሁኔታ ነው እንጂ የወላጁ አይደለም፤ ሶሻል ሴኪዩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅም አካውንት ከፍቶ የድርሻውን መሙላት ይችላል። ጊዜያዊ ጥበቃ ብቻ ያለው ተማሪ ግን የፌዴራሉን ድጋፍ አያገኝም። እንዲህ ላለው ልጅ ሜሪላንድ የራሷ የሆነ ሌላ የድጋፍ ማመልከቻ አላት፤ ቨርጂኒያም እንዲሁ። በሩ ተዘግቷል ብላችሁ ከመደምደማችሁ በፊት የትምህርት ቤቱን አማካሪ ጠይቁ።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። ተማሪዋ የራሷ አካውንት፣ ወላጅ የራሱ አካውንት ያስፈልጋቸዋል፤ እያንዳንዱ በራሱ ኢሜይልና ስልክ። እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይሰናከላል፤ ምክንያቱም በእኛ ቤት እንግሊዝኛውን የሚያነበው ልጅ ስለሆነ ሁሉንም አካውንት ልጁ ይከፍታል፣ ሁሉንም ልጁ ይፈርማል። የወላጅ አካውንት በሕግ የወላጁ ፊርማ ነው። ልጄ ቅጹ መጨረሻ ላይ ስትደርስ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዙራ «አባዬ፣ ይህን የምትፈቅደው አንተ ነህ፤ አንብበው» አለችኝ። ልክ ነበረች። የፈቀድኩት የታክስ መሥሪያ ቤቱ የገቢ መረጃችንን በቀጥታ ወደ ቅጹ እንዲያስተላልፍ ነው። ይህ ፈቃድ ካልተሰጠ ሒሳቡ አይሠራም፣ የፌዴራል ድጋፍም የለም፤ ታክስ ያልሞላ ወላጅም ቢሆን ፈቃዱን መስጠት አለበት። እኔና ባለቤቴ ታክስ በጋራ ስለምንሞላ የአንዳችን አካውንት ብቻ በቃ። ለየብቻ የሚሞሉ ባልና ሚስት ግን ሁለቱም ያስፈልጋሉ። የተፋቱ ከሆነ የሚሞላው ባለፉት 12 ወራት ለልጁ የበለጠ ገንዘብ ያወጣው ወላጅ ነው።

የሚጠየቀው ገቢ ትምህርቱ የሚጀመርበት ዓመት ወይም ከእርሱ በፊት ያለው ዓመት አይደለም፤ ከሁለት ዓመት በፊት የነበረው ነው። በ2025 መጨረሻ ወራት ለሚጀመር ትምህርት የታየው የ2023 ታክስ ነበር። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ሁለት ጥቅም አለው። ልጃችሁ ከአሥረኛ ክፍል አጋማሽ እስከ አሥራ አንደኛ ክፍል አጋማሽ ሳለች የምታገኙት ገቢ በኋላ የሚታየው ነው፤ ስለዚህ ወጪዎቻችሁን በደንብ መዝግቡ፣ ታክሳችሁንም በወቅቱ ሙሉ። ሁለተኛው፣ ከዚያ ወዲህ ገቢያችሁ ከቀነሰ ቅጹ አያየውም፤ ራሳችሁ ለኮሌጁ መንገር ይኖርባችኋል። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ስለ ሀብት የሚቀርበው ጥያቄ ለእኛ ማኅበረሰብ ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። የምትኖሩበት ቤት በፋፍሳ አይቆጠርም። ለጡረታ የተቀመጠ ሒሳብም አይቆጠርም። አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ያሠራችሁት ቤት፣ የገዛችሁት ኮንዶሚኒየም ግን የማትኖሩበት ንብረት ስለሆነ ይቆጠራል፤ ያለበት ዕዳ ተቀንሶ በዶላር ይጻፋል። «አገር ቤት ያለው ማን ያየዋል» የሚል ምክር ሰምቻለሁ። አትቀበሉት። ቅጹ የተፈረመ የመንግሥት ሰነድ ነው፤ በሐሰት መሙላት ቅጣት አለው፣ የተሰጠውም ድጋፍ ይመለሳል። እውነቱን መጻፍ የሚያስከትለው ጉዳት ደግሞ ሰው እንደሚፈራው አይደለም፤ ቀመሩ ከወላጅ ሀብት ላይ ለኮሌጅ ይውላል ብሎ የሚያስበው ቢበዛ 5.64 በመቶውን ነው። በልጅ ስም የተቀመጠ ገንዘብ ላይ ግን 20 በመቶ ያስባል። ስለዚህ ለልጃችሁ የምታጠራቅሙትን በእርሷ ስም ባንክ ከማስቀመጣችሁ በፊት ይህን አስቡበት። እቁብ የደረሳችሁ ከሆነም በባንክ ያለው ገንዘብ የሚጻፈው ቅጹ በተፈረመበት ቀን ባለው መጠን ነው።

ምግብ ቤት ወይም ሱቅ ላላችሁ አንድ መልካም ነገር አለ። ከ2024-25 ጀምሮ የቤተሰብ አነስተኛ ንግድ ዋጋ ከሀብት እንዲቆጠር ተደርጎ ነበር። በ2025 ጁላይ የወጣው ሕግ ሠራተኞቹ ከ100 የማይበልጡትን የቤተሰብ ንግድ ከ2026-27 ጀምሮ እንደገና ከቆጠራው አውጥቶታል። ቀደም ሲል በዚህ ምክንያት ያልተሰጣችሁ ካላችሁ እንደገና ሙሉ።

ቅጹ ሲያልቅ የተማሪ ድጋፍ መለኪያ የሚባል ቁጥር ይወጣል። ዝቅተኛው ከዜሮ በታች 1,500 ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ድጋፉ ይጨምራል። በ2025-26 ከፍተኛው ፔል ግራንት 7,395 ዶላር ነበር። ልብ በሉ፤ ይህ ቁጥር የምትከፍሉት ገንዘብ አይደለም። ባለቤቴ መጀመሪያ ስታየው ይህን ያህል እንክፈል የተባልን መስሏት ደንግጣ ነበር። የምትከፍሉትን የሚወስነው እያንዳንዱ ኮሌጅ ይህን መለኪያ ይዞ የሚሠራው ሒሳብ ነው።

የጊዜ ገደቡ ነገር ቀላል አይደለም። ቅጹ በተለመደው ጊዜ ኦክቶበር 1 ይከፈታል፤ በእኛ ዓመት ግን ለሁሉም የተከፈተው በኖቬምበር ነበር። የሜሪላንድ ግዛት በገቢ ላይ ተመሥርታ ለምትሰጠው ድጋፍ ማርች 1 የመጨረሻው ቀን ነው። ከዚያ ዘግይቶ የሞላ ቤተሰብ ፔል ግራንት ሊያገኝ ይችላል፤ የግዛቱን ግን ያጣል። ኮሌጆችም የየራሳቸው ቀን አላቸው፤ አንዳንዶቹ ከማርች ቀደም ይላሉ። ልጄ ሁሉንም ቀኖች በአንድ ወረቀት ጽፋ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው፤ እናቷ ከሌሊት ፈረቃ ስትመለስ የምታየው እርሱን ነበር።

ከግል ኮሌጆች አንዳንዶቹ ከፋፍሳ በተጨማሪ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የተባለ ሌላ ቅጽ ይጠይቃሉ። ይህኛው ይረዝማል፤ ፋፍሳ የማይጠይቀውን የቤት ዋጋ ሁሉ ይጠይቃል። ለቅጹ ክፍያ ቢኖረውም ገቢያቸው እስከ 100 ሺህ ዶላር ለሆነ ቤተሰቦች በነጻ ነው። እኔ ወድጄዋለሁ፤ ምክንያቱም ሁኔታችሁን በራሳችሁ ቃል የምታስረዱበት ቦታ አለው። ደሴ ላሉት እናቴ በየወሩ የምልከውን፣ ለታናሽ ወንድሜ ሕክምና ያወጣሁትን እዚያ ጻፍኩ፤ የላክሁበትንም ደረሰኝ አያይዤ። ፋፍሳ ላይ ውጭ አገር ላለ ዘመድ የሚላክ ገንዘብ የሚጻፍበት ቦታ የለም፤ በእኛ ቤት ግን እውነተኛ ወጪ ነው። ኮሌጆቹ ምን ያህል ክብደት እንደሰጡት አልነገሩኝም፤ ሳይጻፍ ግን ማንም ሊያውቀው አይችልም ነበር።

ቅጹ ከገባ በኋላ ሥራው አያልቅም። አንዳንድ ተማሪዎች ለማጣራት ይመረጣሉ፤ ኮሌጁ የታክስ ማረጋገጫ፣ የቤተሰቡን ብዛት የሚያሳይ ወረቀት፣ ሌላም ሌላም ይጠይቃል። ይህ ጥርጣሬ አይደለም፤ የተለመደ አሠራር ነው። የተጠየቀው እስኪገባ ድረስ ግን ፋይሉ ባለበት ይቆማል፤ መልእክቱ የሚመጣው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ተማሪዋ በኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ በተከፈተላት ገጽ ነው እንጂ በፖስታ አይደለም። በየሳምንቱ ግቡና እዩ።

አሁን በጣም ወደምቆረቆርበት ነገር ደረስኩ፤ የድጋፍ ደብዳቤው። ልጃችሁን የተቀበሏት ኮሌጆች በፌብሩዋሪና በኤፕሪል መካከል ደብዳቤ ይልካሉ። ሁሉም «እንኳን ደስ አለሽ» ይላሉ፤ ሁሉም ትልቅ ቁጥር ይጽፋሉ። በዚያ ቁጥር ውስጥ ስጦታውም ዕዳውም አንድ ላይ ተደምሮ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ያህል እንዲህ ያለ ደብዳቤ አስቡ፤ የዓመቱ ወጪ 34,000 ዶላር። ግራንት 15,000። የሥራና ትምህርት ፕሮግራም 3,000። የተማሪ ብድር 5,500። የወላጅ ብድር 10,500። ከታች «የሚቀርዎት ሒሳብ፦ 0» ይላል። ይህን ያነበበ ወላጅ ልጁ በነጻ ልትማር ነው ብሎ ቤተ ዘመዱን ይጠራል። እውነቱ ግን የተሰጠው 15,000 ብቻ ነው። የኮሌጁ ዋጋ ለዚህ ቤተሰብ 19,000 ዶላር ነው፤ በየዓመቱ። ለእኛ ከደረሱን አንዱ በዚሁ መልክ የተጻፈ ነበር፤ የኮሌጁን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ እንዲህ የሚያደርገው እርሱ ብቻ አይደለምና።

ስለዚህ እርሳስ ይዛችሁ እንዲህ አድርጉ። ግራንትና የነጻ ትምህርት ዕድል የሚለውን ብቻ ደምሩ፤ ከጠቅላላው ወጪ ቀንሱት። የቀረው ዋጋችሁ ነው። ኮሌጆችን የምታወዳድሩት በዚህ ቁጥር ብቻ ነው። የሥራና ትምህርት ፕሮግራሙ ልጃችሁ ቤተ መጻሕፍት ወይም ቢሮ ውስጥ ሠርታ በደመወዝ የምታገኘው ነው፤ ጥሩ ነገር ነው፣ ነገር ግን በትምህርት መጀመሪያ ላይ ከሚመጣው ደረሰኝ አይቀነስም።

ብድሮቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። በወላጅ ስር ያለ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት በዓመት ሊበደር የሚችለው እስከ 5,500 ዶላር ነው፤ ከዚህ ውስጥ እስከ 3,500 የሚሆነው፣ የቤተሰቡ አቅም ዝቅተኛ ከሆነ፣ እየተማረ ሳለ ወለድ አይቆጠርበትም። በ2025-26 የተማሪ ብድር ወለድ 6.39 በመቶ ነበር። የወላጅ ብድር ደግሞ 8.94 በመቶ፤ በዚያ ላይ ከ4 በመቶ በላይ ክፍያ ገና ሲሰጥ ይቆረጥበታል። ዕዳው በወላጅ ስም ነው፤ ልጅ ተመርቃ ሥራ ብታጣም ከእናንተ ይጠየቃል። የ2025ቱ ሕግ ከ2026 ጁላይ ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪዎች ይህን ብድር በዓመት 20 ሺህ፣ በጠቅላላው ለአንድ ልጅ 65 ሺህ ዶላር ላይ ገድቦታል። እኔና ባለቤቴ ሃምሳ ዓመት ያለፈን ሰዎች ነን። የወላጅ ብድር የሚጠይቀውን ኮሌጅ ልጃችን ከሁሉም አብልጣ ትወደው ነበር። አንድ ምሽት ሦስታችን ቁጭ ብለን የአራቱን ዓመት ዕዳ ከነወለዱ በወረቀት ላይ አወጣነው። ማንም «አይሆንም» ማለት አላስፈለገውም፤ ቁጥሩን አይታ ራሷ ደብዳቤውን ወደ ጎን አደረገችው። አለቀሰች፤ እኛም አብረናት አዘንን። እንደዚያ ያለውን ሐዘን በኤፕሪል መቅመስ በተመረቀች ማግስት ከመቅመስ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ይግባኝ ማለት እንደሚቻል ስንቶቻችን እናውቃለን? በ2024 መኪናዬ ተጋጭታ ለረጅም ጊዜ ሥራ ፈትቼ ነበር። የታየልን ግን የ2023 ገቢ ነው። በሕጉ መሠረት የኮሌጁ የገንዘብ ድጋፍ ኃላፊ ሥራ ማጣትን፣ ከባድ የሕክምና ወጪን፣ ሞትን ወይም ፍቺን የመሰለ ለውጥ ሲገጥም ሒሳቡን በየቤተሰቡ ሁኔታ የማስተካከል ሥልጣን አለው። ለሁለቱ ለምትፈልጋቸው ኮሌጆች አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍን። ምን እንደደረሰ፣ መቼ እንደደረሰ፣ ገቢያችን ከስንት ወደ ስንት እንደወረደ። ልመና አልጨመርንበትም፤ ምሬትም አልነበረበትም። የ2024 ታክስ፣ የኢንሹራንሱን ደብዳቤና የጋራዡን ደረሰኝ አያያዝን። አንዱ ኮሌጅ በአክብሮት «ሊጨመር አይችልም» ብሎ መለሰ። ሌላኛው ተጨማሪ ወረቀት ጠየቀ፤ ሰጠን፤ ከሳምንታት በኋላ ግራንቱን በብዙ ሺህ ዶላር ከፍ አድርጎ አዲስ ደብዳቤ ላከ። ልጄ ዛሬ የምትማረው እዚያ ነው። መልስ ለመስጠት የመጨረሻው ቀን በአብዛኛው ሜይ 1 ስለሆነ ይግባኙን ደብዳቤው እንደደረሳችሁ ላኩ።

ስለ ውጭ የነጻ ትምህርት ዕድሎች አጭር ልበል፤ ትልቁ ገንዘብ ያለው እዚያ ሳይሆን ከኮሌጁ፣ ከፌዴራልና ከግዛቱ ነው። ቢሆንም የአካባቢ ማኅበራት፣ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች፣ የወላጅ አሠሪዎች የሚሰጡት አንድ ሺህ፣ ሁለት ሺህ ዶላር መጽሐፍ ይገዛል። አንዳንድ ኮሌጆች ልጅ ከውጭ ያገኘችውን ያህል ከራሳቸው ድጋፍ ይቀንሳሉ፤ ሜሪላንድ በ2017 ባወጣችው ሕግ የመንግሥት ኮሌጆቿ እንዲህ እንዳያደርጉ በመገደብ ቀዳሚ ሆናለች። ለግል ኮሌጅ ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የማኅበረሰብ ኮሌጅ የሚለውን መንገድ የሚንቁ ወላጆች አሉ፤ አጥብቄ እቃወማቸዋለሁ። የእህቴ ልጅ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሮ ወደ ግዛቱ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። ከቤቱ እየተመላለሰ ተማረ፤ ፔል ግራንቱ የትምህርት ክፍያውን ሸፈነለት። የሜሪላንድ ግዛት ለማኅበረሰብ ኮሌጅ ተማሪዎች እስከ 5,000 ዶላር የሚደርስ ድጋፍ አለው። በመጨረሻ የሚያገኘው ዲግሪ ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ እዚያው ከተማሩት ጋር አንድ ነው። እዚያ ድጋፍ ለማግኘትም ግን ፋፍሳ መሙላት ያስፈልጋል፤ «ርካሽ ስለሆነ አያስፈልገውም» ብለው የሚተዉ ሰዎች ልጃቸው በነጻ ሊማርበት ይችል የነበረውን ይከፍላሉ።

ድጋፉ ለአንድ ዓመት ነው። በየዓመቱ እንደገና ይሞላል፤ የልጅ ውጤትም ከተወሰነ ደረጃ፣ በብዙ ኮሌጆች ከ2.0፣ እንዳይወርድ ይጠየቃል። የእኛ ሁለተኛው ቅጽ ከመጀመሪያው እጅግ ቀለለን፤ አካውንቱ አለ፣ ፈቃዱን እንዴት እንደምሰጥ አውቄዋለሁ። አንዳንድ ኮሌጆች ግን በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ሰጥተው በሁለተኛው ይቀንሳሉ። ስለዚህ ቦታውን ለመያዝ ገንዘብ ከማስያዛችሁ በፊት የገንዘብ ድጋፍ ቢሮውን በስልክ ጠይቁ፤ ገቢያችን ባይለወጥ ይህ ግራንት አራቱንም ዓመት ይቀጥላል? ለመቀጠል ስንት ውጤት ያስፈልጋል? ክፍያው በየዓመቱ ሲጨምር ግራንቱ አብሮ ይጨምራል? መልሱን ከሰማችሁ በኋላ በኢሜይል ጽፈው እንዲልኩላችሁ ጠይቁና ኢሜይሉን አስቀምጡት።